ጋሼ ዘርነውና ቀጭኑ አማቻቸው

ለዓለም ነገር ሁሉ አንድ ምክንያት ብቻ ያለው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ዝናብ ቢቀር፣ ምግብ ቢያር፣ መብራት ቢጠፋ፣ ልጅ ፈተና ቢወድቅ መልሱ ያው ነው። አንዱ ሁሉን በአየሩ ያሳብባል፣ ሌላው በዘመኑ ልጆች፣ ሌላዋ በጎረቤቷ ዓይን። እንዲህ ያለውን ሰው ተከራክሮ የረታ የለም፤ የሚከራከረው ለመርታት ሳይሆን ለማረፍ ነውና። ምክንያቱን አንዴ ከተናገረ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው እጁን አራግፎ ይቀመጣል።

በቤት ዕቃ ሠሪዎቹ መንገድ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ሶፋ አልባሹ ጋሼ ዘርነው ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። ለሚጠየቁት ሁሉ "ዘር ነው" እያሉ ሲመልሱ፣ መልሱ ስም ሆኖ ተለጠፈባቸው። አዳዲስ ደንበኞች እውነተኛ ስማቸው እየመሰላቸው በሩ ላይ ቆመው "አቶ ዘርነው አሉ?" ብለው ይጠይቃሉ። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው "አለሁ፣ ግቡ" ይላሉ።

ክቡርነታቸው ወፍራም ናቸው። ወደ አንድ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ሆዳቸው፣ ቀጥሎ ሰላምታቸው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ይገባሉ። ታክሲ ውስጥ ከአጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሸሚዙ ተተኩሶ ይወርዳል። የጫማቸው ክር መፈታቱን የሚያውቁት ሌላ ሰው ሲነግራቸው ነው። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰው ትንፍሽ ያለ እንደሆነ፣ በከንፈራቸው የያዟቸውን ትንንሽ ሚስማሮች አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ ያወጡና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"እኛ የተራራው ወገን ነን። አጥንታችን ከባድ ነው። አያቴ በር የሚያልፉት በጎን ነበር። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ሄዱ፤ ለምን ቢባል የሚችላቸው በቅሎ ጠፋ። እኔ ደግሞ ውሃ ብጠጣ እወፍራለሁ። ዘር ነው።"

ይህን ንግግር ከማንም በላይ የሰማው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነው። አናጺ ነው፤ ሰፈሩ "ሽቦ" ይለዋል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ክርኑ እንደ መጥረቢያ የሾለ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ሱቅ ውስጥ አብረው ይሠራሉ፤ ሽቦ የሶፋውን እንጨት ይገጣጥማል፣ ጋሼ ስፖንጁንና ጨርቁን ያለብሳሉ። ጎረቤቶች "አንደኛው አጥንቱን ይሠራል፣ ሌላኛው ሥጋውን ይጨምርበታል፤ ሁለቱም ያላቸውን ነው የሚሰጡት" እያሉ ይስቃሉ።

ሽቦና እህቱ ከባሕሩ ዳር ወገን ናቸው። የባሕሩ ዳር ሰዎች ቀጫጭኖች ናቸው ይባላል፤ ሽቦም ቅጥነቱን ልክ ደክሞ እንዳመጣው ነገር ይኮራበት ነበር። ጋሼ ዳቦ በቆረሱ ቁጥር መላጊያውን ያቆማል።

"ጋሼ፣ ዳቦውም ዘር ነው?"

"ዳቦውን የሚጠራው ሆድ ዘር ነው።"

"ሁለተኛውስ ዳቦ?"

"የመጀመሪያው ዳቦ ወንድም ነው። እሱም ዘር ነው።"

ነገሩ በውፍረት ቢቆም ደህና ነበር። ጋሼ ግን ፍልስፍናቸውን ለማንም አይነፍጉም። የጎረቤቱ መስታወት ቆራጭ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚከፍተው እናቱ በዘጠኝ ወር ልትወልደው ሲገባ በአሥር ወር ስለወለደችው ነው፤ ዘር ነው። ሱቁ ውስጥ የምትተኛው ድመት አይጥ አታባርርም፤ እናቷን ያያት ሰው አይገርመውም። አንዲት ደንበኛ "ሶፋዬ ለምን ዘገየ?" ብላ ብትቆጣ፣ ጋሼ ትክ ብለው አይተዋት "እትዬ፣ እናትዎም እንዲህ ቶሎ ይቆጡ ነበር?" አሏት። ሴትዮዋም "እንዲያውም እሷ ትብሳለች" ብላ ቁጭ አለች። ሶፋው በሌላ ሳምንት ደረሰላት።

ሚስታቸው አንድ ጊዜ ቆርጣ ተነስታ ነበር። ቅባት ከቤት ወጣ፣ ስኳር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፣ ማዕዱ ላይ ቅጠላ ቅጠል በቅጠላ ቅጠል ተደረበ። ጋሼ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የቀረበላቸውን እየበሉ ከረሙ። ቀበቶው ግን ከነበረበት ቀዳዳ ንቅንቅ አላለም። ሚስታቸው "እውነትም ዘር ይሆን እንዴ?" ብላ ልታምን ምንም አልቀራት፤ አንድ ቀን የማዕዘኑ ዳቦ ጋጋሪ መንገድ ላይ አስቁሟት "ጋሼ ዛሬ ቀሩብኝ፣ አሟቸው ነው?" እስኪላት ድረስ።

ማታ ስትይዛቸው አልካዱም። "አንቺ የምታበስይው ለሆዴ ነው፤ እሱንማ በልቻለሁ። ዘሬን ግን ማን ያብላው?"

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጋሼ አሮጊት አክስት ለጥየቃ መጡ። ጋሼ በሽቦ ፊት አያታቸውን ምስክር ሊጠሩ ፈልገው "እስኪ ንገሩት፣ አያቴ እንዴት ያሉ ግዙፍ ነበሩ?" አሏቸው።

"የቱ አያትህ? ዳቦ ቤት የከፈተው?" አሉ አክስትየው። "እሱማ ዳቦ ቤቱን እስኪከፍት ድረስ ሱሪው አልቆምለት ብሎ ቀበቶውን በሚስማር እየበሳ ነበር የሚያጠብቀው።"

ሽቦ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ጋሼ ግን ጥቂት አሰቡና በእርጋታ መለሱ፤ "ዘሩ ውስጡ ቁጭ ብሎ ዳቦውን እየጠበቀ ነበራ።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመታት ሄዱ። ከዕለታት አንድ ቀን በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች፣ በሰው ደም ውስጥ ለውፍረት የሚያጋልጠው ነገር በተራራው ወገንና በባሕሩ ወገን እንዴት እንደሚለያይ እያጠኑ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ፈቃደኛ ሰው ይፈልጋሉ፤ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራም በነጻ ያደርጋሉ። ጋሼ ይህን ያነበቡ ዕለት ሱቅ የገቡት እያለከለኩ ነበር።

"ደሜን ፈለጉት" አሉ።

"ማን?"

"ሳይንስ።"

ሽቦ ሳቀ። ሳቁ የቆመው ጋሼ እሱም አብሮ እንዲሄድ ሲነግሩት ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ቀጭን ነኝ። ከእኔ ምን ያገኛሉ?"

"ቅጥነትህን። ወፍራም ሰው ብቻውን ቢቆም ከማን ጋር ያስተያዩታል? ደምህ ከደሜ ጎን ካልተቀመጠ ፍርዱ ሙሉ አይሆንም።"

ሽቦ እምቢ አለ። ሥራ አለብኝ አለ፣ መርፌ አልወድም አለ፣ ሰልፍ አልችልም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ጤና ጣቢያ ደጃፍ የረገጠበትን ቀን አያስታውስም፤ ሐኪም ቤት የወፍራሞች ነው ብሎ ያምን ነበር። ጋሼ ግን አልለቀቁትም። እንጨት ሲለካ አጠገቡ ቆመው ያንኑ ይላሉ፣ ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ ተከትለውት ያንኑ ይላሉ። በመጨረሻ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና የመጨረሻ ጥይታቸውን ተኮሱ።

"ስማኝ። ሐኪሞቹ ተሳስተሃል ካሉኝ ያችን ቃል ሁለተኛ ከአፌ አትሰማትም። በሰው ሁሉ ፊት።"

ሽቦ መላጊያውን አስቀመጠ። ይህን የመሰለ ቀን የሚያመልጠው ሰው አልነበረም።

"መቼ ነው?" አለ።

"ነገ በጠዋት። ምንም ሳትበላ።"

በማግስቱ ጋሼ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ኮቱ ከፊት አልገናኝም ካለ ቆይቷል። ቁርስ አለመብላታቸውን ለሰልፈኛው ሁሉ እንደ ትልቅ መሥዋዕትነት ተናገሩ። ሚዛን ላይ ሲወጡ እንደ መድረክ ቆሙበት። ነርሷ ወገባቸውን ልትለካ ሜትሩን ብታዞር ጫፍና ጫፉ አልደራረስ አለ፤ ጋሼ ከኪሳቸው የራሳቸውን የልብስ ሜትር አውጥተው "በዚህ ለኪ የኔ ልጅ፣ እሱ የአልጋ ልብስ ይለካል" አሏት። ሽቦ ሁሉንም ለሰፈር ለማውራት በልቡ እየያዘ ነበር። የእሱ ተራ ሲደርስ ነርሷ ሸሚዙን እንዲያነሳ ነገረችው። ከቀጫጭን እግሮቹና ከሾሉ ትከሻዎቹ መካከል ትንሽ ክብ ሆድ ብቅ አለች፤ እንደ ተዋጠች ብርቱካን። ነርሷ ለካችና ጻፈች።

ውጤቱን የምትናገረው ዶክተር ወጣት፣ ለስላሳና ፈገግታ የማይለያት ሴት ነበረች። የስኳሩና የግፊቱ ውጤት ያን ዕለት ይሰጣል፤ የዘሩ ምርመራ ግን ለጥናት እንጂ ለየሰው የሚነገር እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። ጋሼ ፊታቸው ሲጠቁር አየችና ሳቀች።

"ጥያቄ ካለዎት ግን ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።"

"አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ይህ" አሉ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው፣ "ዘር ነው ወይስ አይደለም?"

ሽቦ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

"ግማሽ ያህሉ እውነትዎን ነው" አለች ዶክተሯ። "ሰው ሲበላ ጥጋብ ቶሎ የሚሰማው አለ፣ ዘግይቶ የሚሰማው አለ። ይህ በአብዛኛው ከወላጅ ይመጣል። አንድ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ተደማምረው ነው። አንዳንዱ በአንድ ሕዝብ ዘንድ ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል። ችግሩ እስከ ዛሬ በብዛት የተጠኑት ከአንድ የዓለም ክፍል የመጡ ሰዎች ናቸው። የእነሱን መለኪያ አምጥተን እናንተ ላይ ብናደርገው ልክ አይመጣም።"

"ለሌላ ሶፋ የተቆረጠ ጨርቅ" አሉ ጋሼ።

"እንደሱ ነው። ለዚህ ነው የመጣነው።"

"አያቴ ዳቦ ቤት እስኪከፍቱ ቀጭን ነበሩ ይላሉ።"

"ይሆናላ። ምግብ ባልበዛበት ቤት ያ ዝንባሌ አይታይም፤ ምግብ ሲበዛ ይወጣል።"

ጋሼ ወደ ሽቦ ዞረው አላዩትም፤ ግን አገጫቸው ከፍ አለ። ዶክተሯ ቀጠለች።

"ሌላውን ግማሽ ደግሞ ልንገርዎት። የተራራ ሰው ሁሉ ወፍራም፣ የባሕር ሰው ሁሉ ቀጭን የሚባል ነገር የለም። በአንድ ወገን ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ ወገኖች መካከል ካለው ይበልጣል። ዘር ይገፋፋል እንጂ እጅ ይዞ አያጎርስም። የእርስዎ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል፤ መራመድ አለብዎት። ስኳርዎ ግን ደህና ነው።"

ሽቦ ድሉ ግማሽ መሆኑ ቢቆጨውም ግማሹን ለመደሰት እየተዘጋጀ ነበር። ዶክተሯ ግን ወደ እሱ ዞረች፤ ፈገግታዋ ረገብ ብሏል።

"ያንተ ስኳር ከፍ ያለ ነው። በጣም።"

"ተቀያይሮ ይሆናል" አለ ሽቦ ሳያስብ። "የሳቸው ነው።"

"እኔም እንዳልሳሳት ብዬ ደግሜ አይቼዋለሁ። ከፈለግህ አሁን እናየው።"

ጣቱን ወግታ ትንሿ መሣሪያ ላይ አኖረችው። ቁጥሩ መጣ፤ ሽቦ ትርጉሙን ባያውቅም ከፊቷ አነበበው።

"ቀጭን ነኝ እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"ሚዛኑ ላይ ቀጭን ነህ። አንዳንድ ቤተሰብ፣ አንዳንድ ሕዝብ ዘንድ ግን ስቡ እጅና እግር ላይ አይወጣም፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለሌላው ሰው ምንም በማይለው ክብደት ስኳሩ ይመጣል። ውሃ ይጠማሃል?"

ሽቦ ደረቅ ከንፈሩን ላሰ። አናጺ ቤት አቧራ አለ፣ አቧራ ያስጠማል፤ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

"ከቤተሰብ ይህ በሽታ የነበረበት አለ?"

"የለም።"

"አባቱ" አሉ ጋሼ ከጎኑ፣ በማይታወቁበት ቀጭን ድምፅ። "ተመርምረው አያውቁም። ግን ከመሞታቸው በፊት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ከአልጋቸው ሥር አይጠፋም ነበር። እንደሱ ቀጭን ነበሩ። ቀጭን ስለነበሩ ማንም ሐኪም ቤት ውሰዷቸው አላለም።"

ሽቦ ጀሪካኑን ያስታውሳል። ቢጫ ነበር። ሞልቶ የሚያመጣው እሱ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሼ ያቺን ቃል አንዴም አልተናገሩም። ሽቦን ከመርፌውም ከቁጥሩም በላይ ያስፈራው ይህ ነበር።

ለጥቂት ቀናት ሱቅ ሳይመጣ ቀረ። የተሰጠውን መድኃኒት ይውጣል፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ያፈረ ሰው ሆነ፤ ዕድሜ ልኩን ሲስቅበት የነበረው ነገር ዞሮ የእሱን በር ያንኳኳ መሰለው። አንድ ጠዋት ግን የእውነት ተንኳኳ። ጋሼ ነበሩ፣ አዲስ ሸራ ጫማ አድርገው።

"ዶክተሯ ተራመድ ብላኛለች" አሉ። "ብቻዬን ስራመድ ሰው ይስቅብኛል። ቀጭን ሰው አጠገቤ ካለ ግን መንገድ ላይ ተገናኝተን የምናወራ ይመስላል።"

"እኔም እኮ ተራመድ ተብያለሁ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጫማህን አድርግ።"

መራመድ ጀመሩ። ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን ዳገት ወጥተው በትምህርት ቤቱ አጥር ዞረው ይመለሳሉ። ሽቦ ረጃጅም እግሮቹን እየወረወረ ይቀድምና ዳገቱ አናት ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጋሼ ግማሽ መንገድ ላይ የሰው አጥር ተደግፈው፣ የሚያለከልኩ እንዳይመስሉ ስለ አጥሩ ቀለም ይናገራሉ። በምላሳቸውም ለውጥ መጣ። ለዶክተሯ ፍርድ ታማኝ ሆነው "ግማሹ ዘር ነው" ማለት ጀመሩ። መስታወት ቆራጩ "ድሮ ይሻለን ነበር፤ አሁን ንግግራቸው ረዘመ" ብሎ አማረረ። ዳቦም አልተዉም፤ ግን ሁለተኛውን ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ለድመቷ ማቅረብ ለመዱ። ድመቷ አልበላ አለች። ጋሼ "ይሄስ ሙሉውን ዘር ነው" ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሽቦ ስኳር ወርዶ ተገኘ። ጥማቱም ቀርቶ ነበር። ያን ዕለት ደስ ብሎት እህቱ ቤት ጎራ አለ፤ ሳህን እያጠበች አገኛት።

"እትዬ፣ ያ ጥናት ባይመጣ ምን ይውጠኝ ነበር? የባልሽ ጉራ ነው ያተረፈኝ።"

እህቱ እጇን ሳታደርቅ ዞር አለች። "የምን ጉራ?"

"ደሜን ፈለጉት ብለው አይደል የጎተቱኝ?"

"አንተ ሰውዬ" አለች፣ "ውሃ የምትጠጣበትን ዕቃ ካየ ቆይቷል እኮ። መጀመሪያ ትንሽ ኩባያ ነበረች፣ ከዚያ ትልቅ ብርጭቆ፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አፍህ ላይ። ሌሊት እየተነሳ 'አባታችሁም እንደዚህ ነበሩ፣ ዘር ነው፣ አይቀርም' እያለ ያስጨንቀኝ ነበር። ሐኪም ቤት ሂድ በለው ስለው፣ 'ታመሃል ብዬው አይመጣም፤ እኔ ስሸነፍ ለማየት ግን በባዶ እግሩ ይመጣል' አለኝ። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ከልቡ አመሰገነ።"

"ቢሸነፉስ? ቃሏን ሊተዉዋት ነበር?"

"ይተዋት ነበር" አለች እህቱ፣ ወደ ሳህኗ ተመልሳ። "አስቦበታል። 'ያለ እሷ ምን እንደማወራ አላውቅም' ብሎ ሲተክዝ አድሯል።"

ሽቦ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ጋሼ ስለ ራሳቸው ዘር ብቻ የሚያወሩ መስሎት ነበር። ለካ የእሱንም አባት ሲከታተሉ፣ የባሕሩን ወገን በሽታ እንደ ቤተሰባቸው በሽታ ሲቆጥሩ ኖረዋል። "አመሰግናለሁ" ማለት አሰበ፤ ነገር ግን ሁለቱ እንዲህ ያለ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፣ ከየት እንደሚጀመርም አላወቀውም። የሚያውቀው ሥራውን ነው። ሱቅ ሄደና ጥግ ላይ የተከመረውን እንጨት እያገላበጠ ጠንካራ ጠንካራውን መረጠ።

ጋሼ ጠዋት ዳገቱን ሲወጡ፣ ሁልጊዜ ስለ አጥሩ ቀለም የሚናገሩበት ቦታ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ቆሞ አገኙ። እግሮቹ ወፋፍራሞች ናቸው፣ ከሥር ተሻግሮ የተመታ ድጋፍ አለው፣ ጠርዙ እንዳይቧጭር በእጅ ተሞርዷል። ሽቦ እንደ ሌላው ቀን ቀድሞ አልወጣም፤ አጠገባቸው ቆሞ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።

"የማነው?" አሉ ጋሼ።

"የሁሉም ሰው ነው። እንጨት ተርፎኝ ነው።"

ጋሼ ዙሪያውን አዩት፣ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና የልባቸውን ያህል፣ ደብቀው ሳይሆን በይፋ፣ አለከለኩ። ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሞሉት ምንም አልቀራቸው። የቀረው ቦታ ለአንድ ቀጭን ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ሽቦም ሳይጠራ ሄዶ ተቀመጠበት።